ቁጥሩ ሲወጣ

ያኔ ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ዕድሜዬን እንዲህ በደንብ የማስታውሰው ልደቴን አክብሬ አይደለም፤ በዚያ በጋ የጠየቀኝ ሰው ስለበዛ ነው። ለሥራ አጥ ክፍያ ስደውል ዕድሜ፣ ለምርመራ መኪና ውስጥ ሆኜ ስሰለፍ ዕድሜ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ የቆመው ጥበቃ እንኳ ሊመልሰኝ ሲፈልግ መጀመሪያ የጠየቀኝ ዕድሜዬን ነው። ለእርስዎ ዕድሜ አደገኛ ነው፣ ቤትዎ ይሂዱ አለኝ በእንግሊዝኛው። ሃምሳ ስድስት ዓመት እንዲህ ብዙ መሆኑን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። እኔ እንደሁ ለራሴ ገና ልጅ ነበርኩ፤ ታናሽ ወንድም ያላት፣ የምትስቅ፣ የምታስቅ ሴት።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሰሞን ቻይናታውን ዓሣ ልገዛ ገብቼ ነበር። ስፕሪንግ ማውንቴን መንገድ ላይ ካሉት ትልልቅ ገበያዎች በአንደኛው፣ ከኋላ በኩል፣ ዓሣው በሕይወቱ የሚዋኝበት የመስታወት ገንዳ አለ። ሻጩ መረቡን ከፍ ሲያደርግ ውሃው ጫማዬ ላይ ተረጨና ያ ሽታ መጣ፤ የእርጥብ ጨው፣ የድንጋይ፣ ትንሽም የብረት። በረሃ መሀል የባሕር ሽታ የሸተተው ሰው ደስ ሊለው ይገባል። እኔ ግን ጋሪዬን እዚያው ጥዬ ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ኤሲ ለቅቄ ተቀመጥኩና አንዲት ቬትናማዊት ሴትዮ መስታወቱን አንኳኩታ ደህና ነሽ ወይ እስክትለኝ ድረስ አልተነሳሁም። ደህና ነኝ አልኳት። እዚህ አገር ሰው ሲጠይቅ መልሱ እሱ ነው።

ሲሳይ ታናሽ ወንድሜ ነበር። እኔንና ልጄን ሊያን ወደዚህ ከተማ ያመጣን እሱ ነው፤ ሊያ ያኔ ገና አራት ዓመቷ ነበር፣ አሁን ክሊኒክ የምትሠራ ትልቅ ሴት ናት። ሲሳይ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል ሰው የሚያመላልስ የሊሞ ሾፌር ነበር። ጥቁር ሱፉን ራሱ ነው የሚተኩሰው፤ የሸሚዙ ኮሌታ የቆመ፣ ጫማው ፊት የሚያሳይ። መኪናው ውስጥ የክራር ካሴት ነበረው፤ ካሴት የሚያጫውት መኪና ጠፍቶ ሳለ የእሱ መሳቢያ ግን በካሴት የተሞላ ነበር። መንገደኛ ከሌለ ከፍ አድርጎ ይሰማል፤ መንገደኛ ሲገባ ዝቅ። ሚስት አግብቶ ፈትቷል፣ ልጅ የለውም። ያለው ባሕር ነበር። «ባሕሬን ልይ» ብሎ ነው ከሰው ቤት የሚነሳው። ሳሎኑ ውስጥ፣ ቴሌቪዥን ሊቀመጥበት በሚገባው ቦታ፣ ግድግዳውን የሞላ የመስታወት ገንዳ አቁሞ ነበር፤ ውስጡ ጨው ውሃ፣ ጨው ውሃው ውስጥ ኮራል። ወይን ጠጅ፣ ብርቱካን፣ እንደ ቄጠማ የሚወዛወዝ፣ እንደ አጋዘን ቀንድ የቆመ። ዓሣ ጥቂት ነበሩ፤ እሱ የሚወደው ግን ኮራሉን ነው። እንግዳ ሁሉ «ዓሣዎችህ ሲያምሩ!» ሲለው ይከፋዋል።

ከየት አመጣው እንዳትሉኝ፤ በወጣትነቱ አሰብ ወደብ ላይ ሠርቷል። ወደቡ የእኛ በነበረበት ጊዜ ነው፤ ማን ወሰደው ማን ሰጠው የሚለውን ለሚያውቁት እተዋለሁ። እኔ የማውቀው ለእረፍት ኮምቦልቻ ሲመጣ የሚለብሰውን ነው፤ ነጭ አጭር ሱሪ፣ የላስቲክ ጫማ፣ በፀሐይ የነጣ ኮፍያ። ሰው ሁሉ በሹራብ ተጠቅልሎ እሱ ጉልበቱን እያሳየ መንገድ ላይ ሲወርድ እናታችን በእፍረት ቤት ትገባ ነበር። እዚያ ሙቀቱ አልጋ ደጅ አስወጥቶ የሚያስተኛ ነው ይለን ነበር፤ ሐብሐቡን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው እንደሚያቀዘቅዙት፣ አንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ላይ ወስዶት ከባሕሩ ሥር ያለውን አትክልት እንዳሳየው። «አትክልት አይደለም፣ እንስሳ ነው» ይላል። እንስሳ ከሆነ ለምን አይሄድም ስንለው ይናደዳል። ከዚያ ወደቡም ቀረ፣ ነጩ አጭር ሱሪም ቀረ። ስንት ዓመት ቆይቶ፣ ላስ ቬጋስ ውስጥ፣ ከበረሃው ሁሉ ደረቅ በሆነው በረሃ ውስጥ፣ ያን ባሕር ሳሎኑ ውስጥ ሠራው።

የዚህ ከተማ ውሃ ራሱ ኖራ ነው። የማንቆርቆሪያው ሥር ይነጣል፣ የቧንቧው አፍ ላይ ጺም ያበቅላል፣ የሻወሩ መስታወት ወተት የተረጨበት ይመስላል። ስሜ ዘነበች ነው፤ ዝናብ በማያውቅ አገር ሆቴል ውስጥ የሰው ክፍል ሳጸዳ፣ ያን ነጭ ነገር በኮምጣጤ ስፍቅ ነው የኖርኩት። ታዲያ ወንድሜ በገዛ ገንዘቡ የኖራ ዘር እየገዛ ውሃ ውስጥ ሲጨምር ሳይ ሳቄ ይመጣል።

«ከቧንቧው በነጻ አለልህ አይደል እንዴ?»

«እትዬ፣ ቧንቧው ውስጥ ሌላ ምን ምን እንዳለ በምን አውቃለሁ? ባዶ ውሃ ገዝቼ የምፈልገውን ብቻ እጨምርበታለሁ።»

ባዶ ውሃ! ውሃ ባዶ ሲባል የሰማሁት ከእሱ ነው። ከቤቱ ጥግ አንዲት የውሃ ሱቅ ነበረች፤ ጣሪያዋ ላይ የነፋስ ወፍጮ የመሰለ ነገር ያላት፣ ጋሎኑን በሩብ ዶላር የምትቀዳ። እሁድ እሁድ ሱፉን አውልቆ ባዶ ውሃ ሊቀዳ ይሄዳል። ከዚያ ሁለት ትልልቅ ጠርሙስ ያዘጋጃል። አንደኛው ካልሲየም ነው፤ ሰው በብርድ አገር መንገድ ላይ በረዶ ለማቅለጥ የሚበትነው ዓይነት ጨው፣ የተጣራው። ሌላኛው አልካሊኒቲ የሚባለው ነው፤ እሱ አልካ ነበር የሚለው። አልካውን የሚሠራው ከቤኪንግ ሶዳ ነው፤ ሶዳውን ትሪ ላይ በትኖ ኦቨን ውስጥ ይጋግረዋል። ዳቦ ጋግሮ የማያውቅ ሰው ሶዳ ይጋግራል እያልኩ ስንቱን እንግዳ አስቄበታለሁ።

«ይኼ ጡቡ ነው፤ ይኼ ደግሞ ሲሚንቶው» ብሎ ነው ያስረዳኝ ሁለቱን ጠርሙሶች እያሳየ። «ኮራሉ ቤቱን የሚሠራው ከውሃው ውስጥ ሁለቱን እየመጠጠ ነው። አንዱ ያለ ሌላው ቢኖር አይገነባም። ቤቱ ደግሞ ሲያልቅ ምን ይሆናል? ኖራ። ግድግዳ የምንቀባው ኖራ ዘመዱ ነው።»

«እና ኖራ ኖራ የት ልትደርስ ነው?» አልኩት።

እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ በኋላ አንዷን ትልቋን ኮራል ኖራ ብሎ ስም አወጣላት። «ኖራ ዛሬ እንዴት አደረች?» ስለው «ኖራማ ኖረች» ይለኛል። እንዲህ ነበርን።

ሁለቱን ጠርሙስ አንድ ላይ አይጨምርም። አንዱን ጠዋት ሥራ ሲወጣ፣ ሌላውን ሲመለስ፤ ፊት ለፊት ከተገናኙ ውሃው ወተት ይሆንና ለኮራሉ ሊጠቅም የመጣው ሁሉ በረዶ ሆኖ ይወድቃል። መለካቱንም አሳይቶኛል፤ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ የባሕሩን ውሃ ትቀጂያለሽ፣ ጠብታ ትጨምሪያለሽ፣ መጀመሪያ ሰማያዊ ይሆናል፣ ወደ ቢጫ እስኪለወጥ ጠብታውን ትቆጥሪያለሽ። የጠብታው ቁጥር የአልካው ቁጥር ነው። ስምንት ከሆነ ደህና። እሱ ሁልጊዜ ስምንት ነበር የሚወደው። እኔ የማውቀውን ሁሉ እንዲህ ከሰው አፍ፣ ከራሴም ዓይን ነው የተማርኩት፤ ትምህርት ቤት ብዙም አላየኝም። ስለዚህ የነገረኝን አልረሳም። አንድ ቀን ቁጥሩ ሰባት ሲሆን ደነገጥኩ።

«አትደንግጪ» አለኝ። «ቁጥሩ ሲወርድ ደስ ይበልሽ፤ ኮራሎቹ በልተው ነው፣ እያደጉ ነው። የበሉትን ትተኪላቸዋለሽ። የሚያስፈራው ሲወጣ ነው። እንደ ወትሮው ጨምረሽ ቁጥሩ ከወጣ፣ የሚበላ ጠፍቷል ማለት ነው። ያኔ ጠርሙሱን አስቀምጪና ቶሎ ለእኔ ደውዪ።»

ከተማው በወረርሽኙ ሲዘጋ መቼም ያያችሁት ታስታውሳላችሁ። ያ ሁሉ መብራት፣ ያ ሁሉ ካዚኖ፣ በሩ በጣውላ ተመቶ። እኔ ለጉድ ብዬ በመኪና ዞሬ አየሁት፤ መንገዱ መሀል ርግቦች ቆመው ነበር። ሆቴሉ ግራጫ ዩኒፎርሜን መልሼ እንዳስረክብ እንኳ አልጠየቀኝም፤ ቁም ሳጥኔ ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። አሮጌ ነጠላ ቆርጬ ማስክ ሰፋሁ፣ ጥለቱን በአፍ በኩል አድርጌ። ለሲሳይ አረንጓዴ ጥለት ያለውን ሰጠሁት፤ ለሱፉ አይሄድም ብሎ አሾፈ፣ ግን አደረገው። ሳንሠራ የከረምንባቸው ሳምንታት፣ እውነቴን ነው፣ ከሕይወቴ ደጎቹ ነበሩ። ቤቱ እሄዳለሁ፣ ባሕሩ ፊት እንቀመጣለን፣ የልጅነታችንን እናወራለን። ከዚያ ካዚኖዎቹ ተከፈቱ ተባለ፣ ሰው ከየስቴቱ ጎረፈ፣ ሲሳይም ሱፉን ተኩሶ ወጣ። ቲፕ እንደ ድሮው አይደለም አለኝ፤ ሰው ግን እንደ ድሮው ይሳሳቃል፣ ማስክም አያደርግም አለኝ። ብዙም አልቆየም፤ ማሳል ጀመረ።

ሜዲካል ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ ተኛ። ዘመድ መግባት አይቻልም ነበር። ሆስፒታሉ የሚደውልለት አንድ ሰው ምረጡ ሲባል ሊያ ተመረጠች። የእኔ እንግሊዝኛ በር አንኳኩቶ «ሃውስኪፒንግ» ለማለት ይበቃል፤ ለሐኪም አይሆንም ተባለ። ይህን ያሉት ደግሞ ጋሽ ውብሸት ናቸው። ጋሽ ውብሸት የአጎታችን ልጅ ናቸው፤ የዘመድ ሁሉ ታላቅ፣ የዕድራችን ሊቀ መንበር፣ ሠርግም ለቅሶም ያለእሳቸው የማይቆም። «ሊያ እንግሊዝኛውን ትቻለዋለች፤ አንቺ ደም ግፊትሽን ጠብቂ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ሲሳይም ይህን ሰምቶ በስልክ ያለኝ አንድ ነገር ነው፤ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ «እትዬ፣ እኔን ተዪኝ፣ ባሕሬን አደራ። ስመጣ እንደነበረ ልየው። በረኪና... አጠገቡ እንዳታደርሺ።»

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ያ ሆነ። ጠዋት ቤቱን እከፍታለሁ፣ እለካለሁ፣ ከካልሲየሙ እጨምራለሁ፤ ማታ ሳይደርስ ደግሞ ከአልካው። መስታወቱን እጠርጋለሁ። የባዶ ውሃ ሱቋ ሴትዮ ለምዳኝ «ሾፌሩስ?» ትለኛለች በምልክት፤ እኔም እጄን ጉንጬ ላይ አድርጌ ተኝቷል እላታለሁ። መጀመሪያ ላይ ቁጥሩን ለራሱ በስልክ እነግረው ነበር። «ስምንት» ስለው «እሰይ» ይለኛል፤ ከዚያ በላይ ቃል አልነበረውም፣ ያቺን «እሰይ» ለማግኘት ነበር ጠብታ የምቆጥረው። ከዚያ ድምፁ ጠፋ፤ አፉ ላይ መሣሪያ ስላለ አይናገርም አለችኝ ሊያ፣ ግን ነርሷ ትነግረዋለች፣ እሱ በእጁ ይመልሳል አለችኝ። እኔ ለሊያ እናገራለሁ፣ ሊያ ለነርሷ፣ ነርሷ ለእሱ። መልሱም በዚያው ይመጣል። «ስምንት ነው ብላ ነገረችው ማሚ፤ ሃፒ ነው።» ሃፒ ከሆነ እኔ ምን እፈልጋለሁ? በልቼ አድራለሁ።

በዚህ መሀል የቤቱ ኤሲ ተበላሸ። ውጪው እሳት ነው፤ የመኪና መሪ እጅ የሚልጥበት ሰሞን። ለአፓርትመንቱ ቢሮ ብደውል ጠጋኝ የለም፣ ማስታወሻ ያዝንልሽ ይሉኛል። ማራገቢያ አምጥቼ ውሃው ላይ አቆምኩ፣ በረዶ በፌስታል አድርጌ ውሃው ውስጥ አንሳፈፍኩ። ኤሲው በስንት ልመና ሲሠራ ውሃው ቀዘቀዘ፤ የኮራሎቹ መልክ ግን ልክ አልነበረም። ኖራ እንደተኮረኮረ ሕፃን ተኮራምታለች፣ ጫፏ ገርጥቷል። አልካውን ለካሁ። ሰማያዊው ቢጫ አልሆን አለኝ፤ ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ፣ ገና በአሥራ ሁለተኛው ጠብታ ተለወጠ። ሲሳይ የነገረኝ ይሄው ነበር። የሚበላ ጠፍቷል። ጠርሙሱን ከደንኩና ለሊያ ደወልኩ።

«ሊያ፣ ለአጎትሽ ቶሎ አስነግሪልኝ። አልካው ከስምንት ወደ አሥራ ሁለት ወጥቷል በይው። ጠርሙሱን አልነካሁም፣ ምን ላድርግ ትላለች በይው።»

«ኦኬ ማሚ። አሁን ነርሷን አስክ አደርጋታለሁ።»

ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ብዙም ሳትቆይ መልሳ ደወለች። ድምፅዋ ሲደምቅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

«ማሚ! ነገረችው። በጣም ሃፒ ነው! ከስምንት ወደ አሥራ ሁለት? ዋው አለ። ጎበዝ ነሽ በያት አለ። በዚሁ ቀጥይ አለ።»

«ምን አለ?»

«በዚሁ ቀጥይ። ልክ እንደዚህ አድርጊ።»

«ሲሳይ ነው እንዲህ ያለው?»

«የስ ማሚ። በእጁ እንደዚህ አደረገ፣ አውራ ጣቱን። ነርሷ አየችው።»

ባሕሩን አየሁት። ፓምፑ ያጉረመርማል፣ ዓሣዎቹ እንደ ወትሮው ይዞራሉ። ለማንም ሰው ከስምንት አሥራ ሁለት ይበልጣል፤ የጨመረ ነገር ጥሩ ነው። ልጄም እንደማንም ሰው አሰበች። ከዚህ ከተማ ሰው ሁሉ ውስጥ ቁጥሩ ወጣ ሲሉት ደንግጦ ከአልጋው ዘሎ ሊነሳ የሚችል አንድ ሰው ነበር።

«ሊያ፣ ሲሳይ እንዲህ አይልም» አልኳት።

የሥራ ቦታዋ ፓርኪንግ ውስጥ ነበረች መሰለኝ፤ አንድ ትልቅ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ የሚጮኸው ጩኸት ይሰማኛል።

«ማሚ ቢዚ ነኝ፤ በኋላ ልደውል?»

«ሞቷል?»

«ማሚ ፕሊስ። ጋሽ ውብሸት ነገ...» ብላ ቆመች።

«ነገ ምን?»

«ነገ ጠዋት ይመጣል» አለች ልጄ፤ ይመጣሉ ማለት እንኳ በቅጡ የማታውቅ ልጅ።

ጋሽ ውብሸት በማለዳ ሰው አስከትለው ከመጡ ምን ይዘው እንደሚመጡ የማያውቅ አበሻ ላስ ቬጋስ ውስጥ የለም። ስልኩን ዘጋሁት። አልጮህኩም። ጎረቤት ይሰማል ብዬ አይደለም፤ የምጮህለት ሰው ሞቶ ስንት ቀን እንደሆነው ስለማላውቅ ነው። ለቅሶ እንኳ መነሻ ይፈልጋል።

በማግስቱ ጥቁር ለብሼ የቤቴ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። መኪኖቹ ተከታትለው መጡ፤ ሰዎቹ ወረዱና ፓርኪንጉ ላይ ተራርቀው ቆሙ፣ አንዱ ከአንዱ የመኪና ስፋት ያህል፣ ሁሉም አፉን ሸፍኖ። መርዶ ነጋሪ ደግፎ፣ አቅፎ ነው የሚናገረው። ያን ቀን ማንም ሊጠጋኝ አልቻለም። ሊያ ከሁሉ ኋላ፣ ከመኪናዋ በር ሳትርቅ ቆማለች።

«ዘነቡ፣ እንደምን አደርሽ። ምነው ደጅ ተቀመጥሽ?» አሉኝ ጋሽ ውብሸት።

«እናንተን ስጠብቅ። ምነው ዘገያችሁ?»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጋሽ ውብሸት ወደ ሊያ ዞሩ። «ነገርሻት?»

«አልነገርኳትም! በእግዚአብሔር!»

«አልነገረችኝም» አልኩ። «መቼ ነው የሞተው?»

«ሐሙስ።»

ሰኞ ነበር። ቅዳሜ ስምንት ብዬ ደውያለሁ፤ ሃፒ ነው ተብያለሁ። እሑድ አሥራ ሁለት ብያለሁ፤ ጎበዝ ተብያለሁ።

«እንዴት ብለን በስልክ እንንገርሽ ዘነቡ? ብቻሽን ቤት ተቀምጠሽ? ደም ግፊት አለብሽ። የአንዳንዶቻችን የምርመራ ውጤት እስኪደርስ ነው የጠበቅነው፤ ለአንቺው ብለን ነው።» ከዚያ ሊያጽናኑኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞ በሰላም ነው ያረፈው። በዓይናችን ነው ያየነው።»

«በዓይናችሁ?»

ጋሽ ውብሸት ማስካቸውን አስተካከሉ።

«በምን ዓይናችሁ? ሆስፒታል ሰው አይገባም አላላችሁም?»

«በቪዲዮ ነው» አሉ። «ነርሷ ስልኩን ያዘችለት። ተሰናበትነው። አይናገርም፣ ተኝቷል፤ ግን ይሰማል ይላሉ።»

እኔ ሐሙስ የት ነበርኩ? ሳሎኑ ውስጥ ነበርኩ። ስልኬ የሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር፣ ድምፁም ከፍ ያለ ነበር። እትዬ ብሎ የሚጠራኝ ወንድሜ መስማት እየቻለ ተኝቶ፣ ድምፄን ሳይሰማ ሄደ፤ እኔ ደግሞ ሲመጣ እንደነበረ እንዲያገኘው ውሃ እለካለሁ።

ሊያ ማልቀስ ጀመረች። «ማሚ፣ አትንገሪያት አሉኝ። ካልቸሩ ነው አሉኝ። እኔ አላውቅም፣ ካልቸር ነው ሲሉኝ...»

«ካልቸሩ የሞተ ሰው ይደብቃል» አልኳት። «እናንተ የሚሞተውን ደበቃችሁኝ።»

ጋሽ ውብሸት «ሐዘኑ ነው የሚያናግራት» አሉ ለሰዎቹ። እኔን እያዩ ሳይሆን ለሰዎቹ። እስከ ዛሬ ከቃላቸው ሁሉ የሚያንገበግበኝ ያ ነው።

ቀብሩ ላይ በቁጥር ነበር የምንገባው፤ ወንበሮቹ ተራርቀው፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳ። ዕድሩ ሥራውን በደንብ ሠራ፤ ድንኳን፣ ውሃ፣ ሁሉም በወጉ። ጋሽ ውብሸት ስለ ሲሳይ ንግግር አደረጉ፤ ዓሣ ይወድ ነበር አሉ። ዓሣ! ከወንበሬ ልነሳ ብዬ መልሼ ተቀመጥኩ። ባሕሩን ላድነው ሞክሬ ነበር፤ ቁጥሩ ቀስ እያለ ወረደ፣ ግን የወረደው ኮራሉ በልቶት አልነበረም፤ እኔ ውሃውን እየቀየርኩ ነው ያወረድኩት። ኖራ ከጫፏ ጀምራ ነጣች። አፓርትመንቱን ልቀቁ ተባለ። አርትስ ዲስትሪክት ከሚባለው ሰፈር የመጣ፣ እንዲህ ያለ ባሕር የሚነግድ አንድ ፈረንጅ የቀሩትን በባልዲ ጭኖ ወሰደ። ኖራን ሲያነሳት «ይቺ ሞታለች፣ ለጌጥ ትሁንሽ?» አለኝ። አልፈልግም አልኩት። ሁለቱን ጠርሙስ የኩሽናው ገንዳ ውስጥ አንድ ላይ ደፋኋቸው፤ ወዲያው ነጭ ሆኑና ወረዱ። የመስታወቱን ግድግዳ ሆቴል ውስጥ እንደለመድኩት በኮምጣጤ ፈቅፍቄ አስረከብኩ።

አሁን ሰዎች ያ ጊዜ አለፈ ይላሉ። የካዚኖዎቹ ጎዳና፣ ስትሪፑ፣ እንደገና ያበራል፣ እኔም ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ፣ ሺፍቴ ጠዋት ነው። ጋሽ ውብሸትን በበዓል አገኛቸዋለሁ፤ ጉልበት ስሜ እንደምን ነዎት እላለሁ፣ እሳቸውም ይመርቁኛል። ይቅር ብዬ እንደሆነ የሚጠይቁኝ አሉ። በአፌ ብያለሁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ክፉ ሰው ጠልተሽው ትገላገያለሽ፤ ለአንቺው ብዬ ነው የሚልሽን ሰው ምን ታደርጊዋለሽ? ከሊያ ጋርም ብዙ ጊዜ በልክ ነበር የምንነጋገረው። ትመጣለች፣ ትበላለች፣ ሳህን ታጥባለች፣ «ባይ ማሚ» ብላ ትሄዳለች። «ደህና» ስትለኝ እውነት ይሁን ውሸት እየመዘንኩ እሰማታለሁ፤ እናት ለልጇ እንዲህ መሆኗ ያማል።

ዓመት አልፎ፣ ብርዱ በገባበት ሰሞን፣ ታላቅ እህቴ ጥሩነሽ ኮምቦልቻ ላይ አረፈች። ወሬውን የአክስት ልጆች መጀመሪያ ለሊያ ጻፉላት። ጋሽ ውብሸትም ደውለውላት ነበር፤ ቅዳሜ ሰው ሰብስበን እስክንመጣ ያዢው ብለዋት ነበር። ሊያ አልያዘችውም። ከሥራዋ አስፈቅዳ፣ የክሊኒኩን ልብስ እንደለበሰች፣ ባጇ አንገቷ ላይ እንዳለ፣ በቀትር ብቻዋን መጣች። በሩን ስከፍትላት እዚያው ቆማ በአማርኛ ነገረችኝ። «ማሚ፣ እትዬ ጥሩነሽ ሞታለች። ዛሬ ነው። አሁን ነው የሰማሁት።» ስወድቅ ያዘችኝ፤ ወለሉ ላይ አብራኝ ተቀመጠች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ኮምቦልቻ ደወለችና ፊቴ ላይ ያዘችልኝ። እዚያ ጨልሟል፣ ቤቱ በሰው ተሞልቷል፣ ሬሳው መሀል ላይ ነበር። ቀብሩ ገና ነበር።